አመድ ላይ የተገኘችው ልጅ

ሰኔ 14

ዛሬ ከሆስፒታል ተመለሱ። ዝናቡ ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ አልለቀቃቸውም። ሚኒባሱ ዋናው መንገድ ላይ ጥሏቸው የቀረውን በጭቃ መጡ። ይታያል የሚባለው ልጄ ጨቅላዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ካፖርቱ ውስጥ ሸጉጧታል፤ ሚስቱ የኔዓለም ወገቧን ይዛ ከኋላው ትከተላለች። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸውና ወደ ቤት አትግቡ አልኩ።

የምሠራውን አውቃለሁ። በዚህ ቤት ሁለት ጨቅላ ቀብረናል፤ ሁለቱም ቢጫ ሆነው ነው የሞቱት። ይህችም ቢጫ ሆና ተወልዳ ሆስፒታል ዓይኗን አስረው ከመብራት ሥር አስተኝተዋት ነበር። ሾተላይ ያለባት ሴት ልጅ የሚተርፍላት ሞት ልጁን የእሷ አይደለም ብሎ ሲያምን ነው። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ሞኝ ሆነው አይደለም።

ጥቅሉን ይታያል በጓሮ በኩል ወስዶ አመድ ማፍሰሻው ላይ አስቀመጠው። ጎረቤታችን ደብሪቱ፣ እንደተነጋገርነው፣ በአጥሩ ሽንቁር ብቅ ብላ፣ አመድ ላይ አንድ ነገር ወድቆ አገኘሁ፣ የማን ነው አለች። የማንም አይደለም አልኳት። አንድ እፍኝ ጨው ሰጠችኝና አነሳቻት። ስሟን አመዴ አልናት። ደብሪቱ የሚጠባ ወንድ ልጅ አላት፤ ጡቷ ለሁለት ይበቃል። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ሾተላይ አይደፍራትም፤ ያን ጊዜ እንመልሳታለን።

የኔዓለም አላለቀሰችም። እንዳታለቅስ ነግሬያት ነበር።

እዚህ ደብተር ላይም "የደብሪቱ ልጅ" እያልኩ ነው የምጽፋት። ነገር ከተደበቀ እስከ መጨረሻው ነው የሚደበቀው።

ሰኔ 16፣ ኪዳነ ምሕረት

የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወንጌላዊት መጣች። የተወለደችውን ልያት አለች። በዚህ ቤት የተወለደ የለም አልኳት። ጃንጥላዋን ዘግታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ይህች ልጅ ቶሎ አትሄድም።

ሾተላይ የሚባለው የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ነው አለች። ሰማሁ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል፣ ልጅቷ ድናለች፣ የቀራት የእናቷ ገላ ነው አለች። ልብስ ሳይለያቸው፣ ደረት ለደረት። ለምንድን ነው አልኳት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሚስት አግብቼ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ያልተብራራ ነገር አልቀበልም።

አብራራች። ጨቅላ ሲወለድ ዓይኑ ጭጋግ ነው፤ ቆዳው ግን ከማኅፀን ጀምሮ ይሰማል፣ መጀመሪያ ከንፈሩ። ሰው በነካው ቁጥር መልእክቱ ወደ አንጎሉ ይሄዳል። መልእክት የተመላለሰበት መንገድ ይጠረጋል፤ ማንም ያልሄደበት ዳዋ ይውጠዋል። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "አባ፣ የዚህች ልጅ ቆዳ እስካሁን የሚያውቀው መርፌ ነው።"

እኔም በጨው ተሸጬ ያደግኩ ነኝ አልኳት። ከእኔ በፊት የተወለዱት አልቀው ነበር። እናቴ እግሬ ጠንቶ ከብት እስክጠብቅ ድረስ አንድ ቀን አቅፋኝ አታውቅም። ይኸው ሰባ አለፈኝ። ምን ጎደለኝ?

እጆቼን አየችና ጃንጥላዋን አንስታ ሄደች። ክርክሩን የረታሁት እኔ ነኝ።

ሰኔ 20

ዝናብ። የጤፉ መሬት ገና አንድ እርሻ ይቀረዋል። አንደኛው በሬ ያነክሳል።

ከአጥሩ ማዶ የደብሪቱ ልጅ ስታለቅስ የኔዓለም እጇ ላይ ያለውን ሁሉ ትጥላለች። ዛሬ እንስራ ሰበረች።

ሰኔ 25

ደብሪቱ ዘንድ የሄድኩት ሞፈር ልዋስ ነው። ልጅቷ መደቡ ላይ ነበረች። ወንጌላዊት ያለችው እውነት መሆኑን ለማየት፣ ለትምህርት ያህል፣ በገለባ የውስጥ እግሯን ነካሁ። እግሯን ሰበሰበች። ጉንጯን ነካሁ። አፏን ከፍታ ወደ ገለባው ዞረች። ከዚያ ጣቴን መዳፏ ውስጥ አደረግኩ። ያዘችው። ጣቴ በሞፈርና በመጥረቢያ የደነደነ ነው፤ ቢሆንም ያዘችው። ለማውጣት ብሞክር አልለቅም አለች።

ደብሪቱ ከምድጃው ዘወር ብላ፣ አያ እንዳላማው፣ ገበያ ላይ ዕቃ የሚነካካ ሊገዛ ነው፣ እርስዎ ግን ሸጠው ጨርሰዋል አለችኝ። ምላስ አላት።

ሞፈሩን ረስቼው መጣሁ።

ሐምሌ 1

ሞፈሩን ላመጣ ሄድኩ። ጣቴን እንደገና ሰጠኋት። ለትምህርት ነው።

ሐምሌ 5

የሐዋርያት ጾም ተፈታ። ጠዋት ላም ላልብ ወጥቼ የኔዓለምን ደብሪቱ ጓሮ አየኋት። ከጣሪያው ጠብታ ሥር ተቀምጣ የቀሚሷን ደረት ከፍታ ልጅቷን ገላዋ ላይ ለጥፋታለች። ዓይኗን ጨፍናለች። በሽንቁሩ ሾልካ ነው የሄደችው፤ ከስንት ቀን ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።

የሰው ልጅ ታቅፈሽ ምን ትሠሪያለሽ አልኳት። ስትሰርቅ እንደተያዘች ሁሉ ልጅቷን አስቀመጠቻት። ደብሪቱ ከውስጥ ወጥታ እኔ የገዛሁትን ጎረቤት ቢነካው አያልቅብኝም አለች። ቀልድ አይደለም፣ ሞት ከአጥር ሥር ቆሞ ይሰማል አልኳት። ከዚያ ወደ የኔዓለም ዞሬ እንዲህ አልኩ፦ "ሁለቱንም ያቀፍሻቸው አንቺ ነሽ።"

የቀሚሷን ደረት ዘግታ ወደ ቤታችን ገባች።

ያልኩት እውነት ነው። ሁለቱን ሌት ተቀን ታቅፋቸው ነበር፣ ሞቱ። እውነት መሆኑ ግን ለምን እንደሚከነክነኝ አላወቅኩም። መከንከን አልነበረበትም።

ሐምሌ 8

ሽንቁሩን በቀጋ እሾህ ደፈንኩት።

ሐምሌ 12፣ ሚካኤል

ጤፍ ተዘራ። ይታያል ቀኑን ሙሉ ከጎኔ ሲሠራ ውሎ ስለ ዘሩ እንጂ ስለ ሌላ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ድሮ ሥራ ላይ ያንጎራጉር ነበር።

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

የኔዓለም ክንዶች ላይ ጭረት አየሁ፤ አዲስም የቆየም። ምን ሆነሽ ነው አልኳት። ጎመን ስቆርጥ ነው አለች። ጎመን እሾህ የለውም።

ሐምሌ 21፣ ማርያም

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቀጋውን ደረብኩበት። ልጅቷ እየወፈረች ነው፤ ደህና ናት። ትንሽ ነው የቀረው። መጨከን የሚያስፈልገው መጨረሻው ሲቃረብ ነው። ገበሬ አጨዳው ሲደርስ አጥር አይከፍትም።

ሐምሌ 28

ይታያል ማታ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ወተቷ ደርቋል አለኝ። የማን አልኩት። ማን እንደሆነች ጠፍቶኝ አልነበረም። "የሚስቴ" አለና ወጣ። ሌላ ጊዜ አባባ ሳይል ከፊቴ ሄዶ አያውቅም።

የደብሪቱ ጡት አለ። ልጅቷ አልተራበችም። ዋናው ይህ ነው።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ ነው። ወንጌላዊት ከቤት ቤት ስትዞር እኔም ጋ አረፈች። አሁን የምንጣላው በለሆሳስ ነው። በጾም ጮክ ብሎ መጣላት ደግ አይደለም።

አንድ ያልሰማሁትን ነገረችኝ። ቆዳችን ውስጥ ለመርፌም ለብርድም ደንታ የሌለው ነርቭ አለ አለች። የሚነቃው በሰው እጅ ሙቀት፣ ቀስ ተብሎ ሲዳበስ ነው። ፈጠን ካሉበት አይነቃም። ወደ አንጎል ወስዶ የሚነግረው የነገሩን ሻካራነት ወይም ልስላሴ ሳይሆን ሰው አጠገቤ አለ የሚለውን ነው። ጨቅላ "እናቴ" የሚለውን በዓይኑ ከማወቁ በፊት በዚህ ያውቀዋል።

እሷ ከሄደች በኋላ ላሟ ትዝ አለችኝ። ባለፈው ዓመት ጥጃዋ ሞቶ ወተት ከለከለችን። እንደ ልማዳችን የጥጃውን ቆዳ ገፍፈን ገለባ ሞልተን አቀረብንላት። ላሰችው፣ ላሰችው፣ ወተቷን ለቀቀች። ሁልጊዜ የላም ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። ሳስበው ሞኝነት አይደለም። የነካችውን ነው ያመነችው።

እጅጌዬን ጠቅልዬ የራሴን ክንድ ቀስ ብዬ ዳበስኩ። ምንም አልተሰማኝም። የራስ እጅ አይቆጠርም ይሆናል። ወይም ያ ነርቭ በእድሜ ይሞታል። ወንጌላዊትን መጠየቅ አለብኝ። አልጠይቃትም።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ልጆቹ ጅራፋቸውን ሲያጮሁ ልጅቷ ደነገጠች። ደብሪቱ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ደብሪቱ ሊጥ ላይ ስለነበረች ላባብላት ብዬ አነሳኋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። እንደ ማገር ደርቃ ጮኸች። ደብሪቱ እጇን እንኳ ሳትታጠብ መጥታ በአይበሉባዋ ጀርባዋን ዳበሰቻት። ሳትወስዳት፣ ሳታጠባት፣ እኔው እጅ ላይ እንዳለች ዝም አለች። አንገቷን ወደዚያ እጅ ጠመዘዘች። ሳቀች ልበል? ሳቀች።

"ታውቀኛለች" አለች ደብሪቱ። ቀልድ የለበትም፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው።

አልሞተችም። ወፍራለች። ዘዴው ሠርቷል። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ነሐሴ 26

ክርስትና ተነሳች። የክርስትና ስሟ አመተ ሥላሴ ሆነ፤ የቤት ስሟን የኔዓለም ማርያማዊት አለቻት። ለካ ስሟን ከመወለዷ በፊት አውጥታ ይዛው ኖሯል። ከዛሬ ጀምሮ እኔም እዚህ በስሟ እጽፋታለሁ፤ የልጅ ልጄ ማርያማዊት።

ደብሪቱ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ እስከ ደጃችን ይዛት መጣች። ጨዉን መለስኩላት። የተሸጠ ዕቃ በገበያ አይመለስም ነበር፣ ለጎረቤት ብዬ ነው አለች። ሁሉም ሳቀ። ልጅቷን ለየኔዓለም ሰጠቻት፣ ሁለቱን የውስጥ እግሮቿን ሳመቻቸው፣ ዘወር ሳትል ሄደች። ድግሱን ሳትቀምስ ነው የሄደችው። የራሷ ልጅ ብቻውን ነው አለች። ልጇ ግን ከአባቱ ጋር እዚሁ እኛ ጋ ነበር።

ነሐሴ 28

ታለቅሳለች። ቦታ ለውጣ ነው።

ነሐሴ 30

ታለቅሳለች። ጡት ቀርቶ በጡጦ የላም ወተት። ግማሹን ታስመልሳለች። የኔዓለም ደረት ለደረት ትይዛታለች፤ ልጅቷ ክንዷን ዘርግታ ደረቷን ትገፋለች። በዚያች እጅ ይህን ያህል ጉልበት ከየት መጣ።

ጳጉሜ 1

ወንጌላዊት ያልጠራኋት መጣች። የጠራት ይታያል ነው። ልጅቷን አየች፤ ጤናዋ ደህና ነው አለች። እንግዲያው ምን ሆነች አልኩ። አንድ እጅ ተምራለች፣ የሌላውን ቋንቋ ገና አታውቅም አለች። አንጎሏ ገና ለጋ ነው፣ ይማራል፤ ግን ከለመደችው ነጥቆ አይደለም፣ ቀስ ተብሎ ነው።

እንደ ነገርኩዎት ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አላለችም። ሲወቅሱኝ መልስ አላጣም፤ ሳይወቅሱኝ ምን እንደምል አላውቅም።

ደብሪቱ ሆን ብላ አትመጣም። ጀርባዋን ሰጥታን ጓሮዋ ትቀመጣለች። ልጅቷ ስትጮህ የቀሚሷ ደረት እንደሚርስ ባሏ አስማማው ለይታያል ነግሮታል። ወንዶች እንዲህ ያለውን አይነጋገሩም ነበር።

ጳጉሜ 3

ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። ከቀትር በኋላ የኔዓለም ተነሳች። ማንንም አላስፈቀደችም። ልጅቷን በነጠላዋ ጠቅልላ በበሩ ወጣች፣ መንገዱን ዞራ ደብሪቱ ግቢ ገባች። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አየሁ። ደብሪቱ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም፤ እጇን ብቻ ዘረጋች። ጡት ገና አልሰጠቻትም፤ ያ እጅ ጀርባዋ ላይ እንዳረፈ ለቅሶው ተቆረጠ። አካባቢው ሁሉ ጸጥ አለ።

የኔዓለም ባዶ ክንዷን ይዛ ተመለሰች። አጠገቤ ስትደርስ የምትነካኝ መሰለኝ፤ አልነካችኝም። "አባባ" አለች፣ ሳትቆጣ፣ "ለሞት የነገርነውን እሷ ሰማችው።"



ለሞት የነገርነው እኛ አይደለንም። የነገርኩት እኔ ነኝ። የማንም አይደለችም ያልኩት እኔ ነኝ። ይህቺ ልጅ ቃል አታውቅም፤ ቃሌን በቆዳዋ ነው የተማረችው። አመዱ ላይ ስትቀመጥ፣ ሽንቁሩ ሲደፈን፣ እናቷ ስትርቃት። ሞት ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ ቀርቶ እኔ አላውቅም፤ ሐኪሞቹ ድናለች ያሏት አመድ ላይ ከመቀመጧ በፊት ነበር።

ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ለመሰረዝ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። አልሰርዘውም።

ጳጉሜ 5

ማርያማዊት ደብሪቱ ቤት ናት። የኔዓለም ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። ብይ እላታለሁ፣ እሺ ትላለች፣ አትበላም። ይታያል እንጨት ይፈልጣል፤ የሚፈለጥ እንጨት አልቆ የተፈለጠውን ይፈልጣል።

እናቴ ስትሞት አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። እጇን አንስታ ነበር። ውኃ የፈለገች መስሎኝ ጽዋ ሰጠኋት።

መስከረም 2

በሕይወቴ ያላደረግኩትን አደረግኩ። ኮፍያዬን አውልቄ ደብሪቱ ደጃፍ ቆምኩ። ይግቡ አለችኝ፣ አልገባም አልኩ። ልጅቷን አትመልሺ፣ እናቷን ውሰጂ አልኳት። የኔዓለም አንቺ ቤት ትደር፣ አጠገብሽ ትተኛ፣ ልጅቷን ስትይዣት አብራ ትያዛት፣ ያንቺ እጅ ባለበት የእሷም ይኑር። ወንጌላዊት ቀስ ተብሎ ነው ያለችው ይህን ይሆናል ብዬ ነው።

ደብሪቱ ጨቅላዋን ከመደቡ አንስታ ታቀፈቻት። እንቢ ትላለች ብዬ ነበር። እንቢ ብትልም አልፈርድባትም፤ ያጠባች እሷ ናት፣ በብርዱ ያዘለች እሷ ናት። የቀልድ ዘዬዋ ጠፍቶ ነበር።

"አልጋ የለኝም፣ መደብ ግን ይበቃናል" አለች። "እኔም ከእንግዲህ እንዴት እንደምሰጣት እስክማር ጊዜ ያስፈልገኛል፣ አያ እንዳላማው።" ከዚያ እርስዎ ግን አይምጡ አለች። በእርስዎ እጅ ትደነግጣለች። ስትለምድ እጠራዎታለሁ።

ልክ ነሽ አልኩ። ይህን ቃል ለማንም ብዬ አላውቅም ነበር፤ በዚያ ደጃፍ ግን አልከበደኝም።

የኔዓለም ጋቢዋንና አንድ ቀሚስ ይዛ ሄደች። በሩን ስታልፍ ደህና ሁኑ አለችን፤ ሩቅ አገር እንደምትሄድ ሁሉ።

መስከረም 5

ወንዶች ብቻ ቀርተናል። ይታያል ቆሎ ቆላ፣ አሳረረው፣ በላነው። አባባ አለኝ፣ ውኃ ሲያቀብለኝ። ተቀብዬ ጠጣሁት።

መስከረም 8

ጠዋት። ይታያል ወደ ማሳ ወርዷል። ማርያማዊት ከማዶ አለቀሰች። ለቅሶው ከፍ አለ፣ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ።

የደብሪቱ እጅ ይሁን የእናቷ፣ ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም። ሄጄ እንዳላይ ተከልክያለሁ። የወተት ማለቢያውን እንደያዝኩ ግቢው መሃል ቆሜ ጠበቅኩ። እንደገና አላለቀሰችም።